የማዕዘኗ ክፍል ቁልፍ

ኅዳር 6

ወንድም ዓለም፣

አልከፈትኳትም። ሰላምታዬን ወደ ኋላ አድርጌ በዚህ የጀመርኩት ከላክህልኝ አራት መስመር ሦስቱ ስለ ክፍልህ ስለሆኑ ነው። ስለ አባባ ጤና ግማሽ መስመር፣ ስለ እኔና ስለ ልጆቼ የቀረችው ግማሽ፣ ሌላው ሁሉ ስለ ማዕዘኗ ክፍል። እሷም ደህና ናት። በሯ እንደ ተቆለፈ፣ መጋረጃዋም እንደ ተጋረደ ነው። ቁልፏ አንተ ጋ ነው። አሁን ተንፍስ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። የአባባ ዓይን እየደከመ ሄዷል፤ ከሩቅ ሰው አይለዩም፣ ቁልፍ ግን በጣታቸው ዳስሰው የየትኛው ቤት እንደሆነ ይነግሩሃል። ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ስህተቴን ይቆጥራሉ። መንትዮቼ ዘጠኝ ዓመት ሞላቸው። አባታቸው ካረፈ ወዲህ ሦስታችንም በአንድ አልጋ ነው የምንተኛው፣ አሁን ግን እግራቸው ረዝሞ ጎኔን ጨረሱት።

«ለምን አሁን ክፍሏ አስፈለገች» ብለሃል። ልንገርህ።

ጭምቱን አገኘሁት። ያንኑ የኛን ጭምቱን፣ አሥራ አንድ ዓመት ከአባባ ጎን ቆሞ ቁልፍ ሲቀርጽ የኖረውን። የአባባ የመክፈቻ ጥቅል ጠፋ ተብሎ ከተባረረ እነሆ ስድስት ዓመት ሆነው። ለልደት የሚታደል ልብስ በቤተ ክርስቲያን ስንለይ አንዲት እርጉዝ ሴት ለባሏ ጃኬት ጠየቀችኝ። ቁመቱ ስንት ነው ብላት «ያው፣ በሩ ላይ የቆመው ነው» አለችኝ። ቀና ስል ጭምቱ። ገበያ ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆኗል፤ አንዱ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ብሏል። ሲያየኝ ሊሸሽ ነበር፣ እጁን ጨብጬ ያዝኩት።

የተከራዩት ክፍል ግድግዳ በዝናቡ ተሰንጥቆ፣ ከተማው በሩ ላይ ቀይ ምልክት ቀብቶ «ውጡ» ብሏቸዋል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሱቃችን ውስጥ ነው የሚተኙት፤ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ፍራሽ አንጥፌላቸዋለሁ።

አባባ ምን አሉ ማለትህ አይቀርም። መጀመሪያ አንድ ቁልፍ አንሥተው ዳሰሱ። ቆይተው «ስድስት ዓመት ተቀጥቷል፣ ይበቃዋል፤ ልደትም እየመጣ ነው፣ ይቅር ብዬሃለሁ ብለዋል በይው» አሉኝ። ነገርኩት። ጭምቱ አንገቱን ደፍቶ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። ኋላ ብቻችንን ስንሆን ግን «ያልወሰድኩትን ይቅር አሉኝ፤ ምን ብዬ ልቀበለው?» አለኝ። አንጀቴን በላው። እኔ ያኔም እሱ ወሰደው ሲሉ አላመንኩም፣ ታስታውሳለህ። አባባ በወጣትነታቸው አንድ በአንድ ሞርደው የሠሯቸው አሥራ አራት ቀጫጭን መክፈቻዎች፣ በቆዳ እንደ ተጠቀለሉ የት ገቡ ሲባል መልሱን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ሚስቱ በቅርብ ትወልዳለች። ቤታችን ሦስት ክፍል ነው፤ በአንዷ አባባ፣ በአንዷ እኔና ልጆቼ፣ ሦስተኛዋ ያንተ ናት፣ ባዶ አልጋ ታቅፋ ስድስት ዓመት ተቆልፋለች። ቁልፍ ሠሪዎች በሚኖሩበት ቤት የማይከፈት በር አለ ቢባል ጎረቤት ሳቁን አይችልም። አባባ በጆሯቸው ብቻ እያዳመጡ በሁለት ደቂቃ ይከፍቷታል፤ እኔ ከዚያም ባነሰ። ግን የቤቱን ሕግ ታውቃለህ፤ ባለቤቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ በገዛ አፉ «ክፈቱ» ካላለ እጃችን በር አይነካም። አባባ ሰው ሁሉ እየተቆጣቸው ያላፈረሷትን ሕግ ለወንድሜ ብዬ አላፈርሳትም። ደጃፉ ላይ መቆም ካልቻልክ ጻፍልኝ። አንዲት ቃል ናት።

እህትህ


ኅዳር 20

እትዬ፣

አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ስበይድ መከላከያውን ከፊቴ አላወልቅም። አይ፣ አላገባሁም። በተለየ ወረቀት የላክሻቸውን ጥያቄዎች በዚህ ጨረስኩ።

እዚህ መርከብ ጥገናው ላይ ሥራ በዝቷል። ቀኑን ሙሉ በመርከብ ሆድ ውስጥ በጀርባዬ ተጋድሜ ነው የምበይደው፤ ስወጣ ብርሃኑ ዓይኔን ያጠፋዋል። በአንድ ክፍል ስምንት ሆነን እንተኛለን፣ አልጋው ላይና ታች ነው፣ የእኔ የላይኛው ነው። ከበታቼ አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ አለ፤ ሲያንኮራፋ አልጋዬ ይንቀጠቀጣል። ከዚህ በቀር የማማርረው የለኝም።

ስለ ጭምቱ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። በዚህ ሳምንት ወደ እናንተ በሚመጣ ሰው እጅ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ለሚስቱ ካፖርት፣ ለሚወለደውም የሱፍ ልብስና ኮፍያ ልኬያለሁ። ሌላ የጎደለ ነገር ካለ አትፈሪ፣ ጻፊልኝ። እልካለሁ።

ክፍሏን ግን ተዪልኝ። ለሕፃን አትሆንም። ጣሪያው ያፈሳል፣ መስኮቱ አይገጥምም፣ አይጥም ነበረባት። ስድስት ዓመት ተዘግታ ሽታዋ ምን እንደሚመስል አንቺው አስቢው። እምቢ ማለቴ አይደለም፤ እኔ እስክመጣ ቆዩ ማለቴ ነው። መቼ ትመጣለህ ብትዪኝ አላውቅም። ካህኑን ብትጠይቂ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ አይከለክሉሽም። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ምድጃም አለው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና ላብቃ። ጭምቱ ስለ እኔ የሚለው ነገር አለ?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

ወንድም ዓለም፣

ወንድ ልጅ ተወለደ። እናቱም ደህና ናት። ዕቃህ በተወለደ ማግሥት ደረሰ፤ ኮፍያው ለአንድ ዓመት ልጅ የሚሆን ስለሆነ እስከ አገጩ ውጦታል። ያም ሆኖ እግዚአብሔር ይስጥህ። ብርድ ልብሱ ይሞቃል። ካፖርቱ ኪስ ውስጥ የረሳኸውን ጓንት አግኝቻለሁ፣ የራስህ ካፖርት እንደሆነም ያወቅኩት በሱ ነው። ልብህ ደግ ነው፣ ድሮም አውቃለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አዳራሹን ጠይቄያለሁ። ቀይ ምልክት የተቀባው በአሥራ ሁለት ቤት ላይ ነው፤ አዳራሹ በእነሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጣሪያው ያፈሳል ያልከውን ባለፈው ዓመት ያስጠገንኩት እኔ ነኝ፤ ከላይ ሆኜ መስኮትህንም አይቼዋለሁ፣ ገጥሟል። አይጡ ስድስት ዓመት ምን ሲበላ እንደኖረ አንተው ንገረኝ። ሰበብ ስትደረድር ከልጅነትህ ጀምሮ ሦስት ነው የምትደረድረው፣ አንዱ እንኳ እንዲይዝልህ።

ጭምቱ ስለ አንተ ምን ይላል አልከኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ስምህን ያነሣው። «ግራ እጁ ዳነለት?» አለኝ። ያኔ የጋለ ብረት ሲያቃጥልህ ወር ሙሉ ቅባት እየቀባ ያሰረልህ እሱ እንደነበር እኔ ረስቼው ነበር።

የጭምቱ ሚስት ልጁን ከጤና ጣቢያ ይዛው ስትመለስ በግድ እኔ አልጋ ላይ አስተኛኋት። ሁለት ቀን ቆየች። በሦስተኛው ቀን «ልጆችሽን መሬት አስተኝቼ እኔ አልተኛም» ብላ ተነሣች፤ ባሏ ደግሞ ከሷ ባሰ። ወደ ሱቁ ተመለሱ። ሕፃኑ የት እንደሚተኛ ልንገርህ? የሥራ ጠረጴዛውን የታችኛ መሳቢያ አውጥተን፣ ቁልፎቹን ገልብጠን፣ ብርድ ልብስህን አጥፈን እዚያ አስተኛነው። ልኩ ነው።

ግን ሱቅ ሱቅ ነው። ቀን ስሞርድ የብረቱ ብናኝ ይነሣል፤ ብጠርግም፣ ውሃ ብረጭም አይጠፋም። ልጁ ማሳል ጀምሯል። የጤና ባለሙያዋ መጥታ ደረቱን አዳመጠችና «ሳንባው ሳይጎዳ አውጡት፣ ከልደት አታሳልፉት» አለችን። ሱቁን ልዝጋ ብል ስድስት አፍ የሚበላው ከሱ ነው። ጭምቱ ሌላ ክፍል ሲፈልግ ይውላል፤ ሕፃን ያለው ሲባል የሚያከራይ ጠፋ። ለልደት ካላገኘ ወደዚያ ወደ ተሰነጠቀው ቤት ሊመለስ ወስኗል። ግድግዳውን ሄጄ አይቼዋለሁ። ክንዴን አስገባሁበት።

እንግዲህ ይህን አንብብና ተቀየመኝ። የሰንበት ትምህርት ልጆች ለልደት የሚያሳዩትን ትዕይንት የማለማምደው እኔ ነኝ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሆና የምትጫወተው ከመንትዮቹ ታናሿ ናት። ማርያምና ዮሴፍ ሲያንኳኩ «ስፍራ የለም» ብላ በሩን መዝጋት ብቻ ነው ያለባት። ባለፈው እሁድ ልምምዱ መሀል ቀጥ ብላ ቆመችና «እማዬ፣ ክፍሎቹ ሞልተው ነው ወይስ ቁልፉ የለኝም?» አለችኝ። የቁልፍ ሠሪ ልጅ አይደለች። ያ ሁሉ ሕፃን እያየኝ «በሩን ዝጊ» ብቻ አልኳት።

ወደ ቤት ስሄድ ሳስበው ነበር። እግዚአብሔር የጎደለንን ያውቅ ነበር። ከሰማይ ሆኖ ብርድ ልብስም፣ ማሞቂያም፣ ካፖርትም ሊልክልን ይችል ነበር፤ እኛም ተቀብለን አመስግነን እንተኛ ነበር። እሱ ግን ራሱ መጣ። የሚበርደው፣ የሚርበው ሥጋ ለብሶ፣ ሰው በማያድርበት ቦታ ከብት ከሚበላበት ግርግም ተኛ። ልደት ብለን የምናከብረው ይህን ነው። የሰጠን ከእጁ የተረፈውን ቢሆን ኖሮ የምናከብረው ነገር አይኖረንም ነበር።

ስብከት ሆነብህ፣ አውቃለሁ። ታላቅ እህት ነኝ፣ መብቴ ነው። ቃሏን ላክልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 11

ወንድሜ፣

«አልችልም» የምትል ቁራጭ ወረቀት ደረሰችኝ። ሰላምታ የላት፣ ስም የላት፣ አንዲት ቃል ብቻ። አንዲት ቃል ላክ ብዬህ ነበር፣ ይቺን ግን አልነበረም።

ተቆጥቼ ጀመርኩና ቁጣዬ በረደ፤ ጽሕፈትህን አየሁት። ሁለት ጊዜ ጽፈህ ሰርዘህ ነው ይቺን ያስቀረሃት። እዚያ ክፍል ውስጥ ምን አለ? የሴት ደብዳቤ ነው? ጠርሙስ ነው? የአባባ የሆነ ነገር ሰብረሃል? ምንም ቢሆን ንገረኝ፣ ብቻዬን ገብቼ አጸዳዋለሁ፣ ለማንም ትንፍሽ አልልም። አንተን ያሳደግኩት እኮ በጀርባዬ አዝዬ ነው፤ ከእኔ የምትደብቀው ገመና ምን ይሆናል?

ልጁ ትናንት ሲያስለው ዋለ። ጭምቱ መሳቢያውን ወደ በሩ አስጠግቶታል፣ ንፋስ ቢያገኝ ብሎ። ልደት ሊደርስ አሥራ ስምንት ቀን ቀረው።

እህትህ


ታኅሣሥ 18

እትዬ፣

ቁልፉ በዚህ ወረቀት ውስጥ ተጠቅልሏል። ክፈቱ። ባለቤቱ ነኝ፣ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ፣ ክፈቱ።

ከመክፈታችሁ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አንብቢ። የሴት ደብዳቤ የለም፣ ጠርሙስም የለም። ከፍራሹ በታች፣ በግድግዳው በኩል ባለው ጥግ፣ በአሮጌ ሸሚዜ የተጠቀለለ ነገር ታገኛላችሁ። የአባባ የመክፈቻ ጥቅል ነው። አሥራ አራቱም አሉ። የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ስድስት ዓመት ከጉሮሮዬ አልወጣ ያለው ሦስት ቃል ነው። ጻፍኩትና እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ውጭ ዞሬ መጣሁ።

ያን ሰሞን አባባ «ጥቅሉን የምሰጠው ለእህትህ ነው፣ እጇ ከእጅህ ይበልጣል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፣ ይበልጥ የከነከነኝም እሱ ነው። በማግሥቱ ደበቅኩት። ሁለት ቀን አስደንግጬያቸው፣ ከዚያ «አገኘሁት» ብዬ ላመጣው ነበር። አባባ ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጭምቱን አቁመው «ከልጆቼና ከአንተ በቀር እዚህ የገባ የለም» አሉት። አንቺ መንትዮቹን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ነበር። ጭምቱ ዞሮ እኔን አየኝ። አባባን አይደለም፣ በሩንም አይደለም፣ እኔን ነው ያየኝ። ሳያውቅ አልቀረም። ያኔ አንድ ቃል ብተነፍስ ያልቅ ነበር፣ እኔ ግን ወደ ሞረዴ ጎንበስ አልኩ። እሱ ሽርጡን ፈታ፣ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ቀን ሲጨመርበት ነገሩ እየከበደ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ቁልፉን ይዤ ከቤት ወጣሁ። እናንተ ያለ ባለቤቱ ቃል እንደማትከፍቱ ስለማውቅ ነው። የአባባን ሕግ መሸሸጊያ አደረግኳት።

ስለ ቀለም ቀቢው ሽማግሌ ጽፌልሽ ነበር። ባለፈው ሳምንት እግሩ የተሰበረ አዲስ ሠራተኛ አመጡልን። ወደ ላይኛው አልጋ መውጣት አይችልም። ሽማግሌው የራሱን አልጋ ለቀቀለትና ወለል ላይ ተኛ። እኔም አፌን ሞልቼ «ትራሴን እሰጠዋለሁ» አልኩ። ሽማግሌው ሳቀብኝ። «ትራስ ባይኖርህ ምንም አትሆን፤ ስትሰጥ እኮ የሚጎድልህን ነው» አለኝ። ስለ እኔ የሚያውቀው ነገር የለም። እኔ ግን የላክሁላችሁን ዕቃ አንድ በአንድ አሰብኩት፤ ካፖርቱ ሳይቀር አንዱም አልጎደለኝም። አንቺ ከእኔ የለመንሽው አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም ቆልፌ ያዝኩት። ልጁ እየሳለ እንኳ ቆልፌ ያዝኩት። ከምንም በላይ ያሳፈረኝ ይህ ነው።

ለአባባ አንብቢላቸው። አታለሳልሺው፣ ከእኔም ወገን ሆነሽ ቃል አትጨምሪ። ልጄ አይደለም ቢሉ እቀበላለሁ። ለጭምቱ ስሙን መልሱለት፣ ሌባ ሲባል በሰሙት ሰዎች ሁሉ ፊት። ክፍሏ ከእንግዲህ የእሱ ናት፣ እኔ ብመጣም ባልመጣም። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፤ በሩን ማን ከፈተው?

ወንድምሽ


ጥር 1

ወንድም ዓለም፣

ማን እንደከፈተው ከመናገሬ በፊት ማን «ክፈቱ» እንዳለ ልንገርህ። የጭምቱ ሚስት ናት።

ደብዳቤህ የደረሰው ለልደት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። መጀመሪያ ለብቻዬ አነበብኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ሰዓት አጠገቤ ብትሆን በጥፊ አጮልህ ነበር። ኋላ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለማን እንደማለቅስ ግን አላውቅም፣ ለእሱም ላንተም ይመስለኛል። ከዚያ እንዳዘዝከኝ ለአባባ አነበብኩላቸው፣ ቃል አልጨመርኩም። «ድገሚው» አሉኝ፣ ደገምኩት። ከዚያ ዱላቸውን ፈልገው ተነሡ። ልያዝዎት ስል እምቢ አሉኝ። ግድግዳውን እየዳሰሱ ብቻቸውን ሱቁ ድረስ ሄዱ፣ እኔ ከኋላ ከኋላ።

ደጃፉ ላይ ቆሙ። ጭምቱ «አለቃ፣ ይግቡ እንጂ» አላቸው። በገዛ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው «አልገባም፣ መጀመሪያ ስማኝ» አሉ። ጫማ ጠጋኙም፣ ዳቦ ጋጋሪዋም፣ ያኔ ሲባረር ያዩት ሁሉ ብቅ ብቅ አሉ። አባባም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይህ ሰው አልሰረቀኝም። የወሰደው ልጄ ነው። ሳልጠይቅ የፈረድኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ይቅር ብዬሃለሁ ያልኩትን መልስልኝ፣ ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ» አሉ። አባባን ታውቃቸዋለህ፣ በሕይወታቸው ይቅርታ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። ቁልፍህን ዘረጉለት። «ክፍሏ ያንተ ናት ተብሏል፤ አንተ ክፈቱ ካላልክ አንከፍትም።»

ጭምቱ እጁን አልዘረጋም።  ቁልፉን አያይም፣ አባባን አያይም። እንደ ቆምን ልጁ ሳለ። ሚስቱ ከመሳቢያው አንሥታ አቀፈችውና በሁላችን መሀል ሰንጥቃ ወጥታ «ክፈቱ» አለች። «ነገሩን ኋላ ትጨርሳላችሁ፣ ለልጁ ንፁህ አየር ላግኝለት።» ሴት ማለት እሷ ናት።

ቁልፍህ ገባና አልዞር አለ፣ በሩ ውስጥ ያለው የቁልፉ ቀፎ ስድስት ዓመት ዝጓል። እኔ ሞከርኩ፣ አባባ ሞከሩ። ጭምቱ ከኋላችን ሲያይ ቆይቶ «አምጪው» አለኝ። ዘይት አስነካው፣ ወደ ኋላ ትንሽ ሳብ አደረገው፣ ዞረለት። እንግዲህ የከፈታት እሱ ነው። አይጥ የለም። ጣሪያው ደረቅ ነው። አቧራ ብቻ ነበር፣ እሱን እኔና መንትዮቹ ጠርገን ወለሉን አጠብን። ጥቅሉም ካልክበት ቦታ ተገኘ። ዛሬ ልጁ አምስተኛ ቀኑ ነው ያንተ አልጋ ላይ፤ ሳሉ እየቀነሰ ነው፣ ባለሙያዋም አይታው ራሷን ነቀነቀች፣ በደህናው በኩል።

ጥቅሉን አባባ ለእኔ ሰጡኝ። ስድስት ዓመት ስመኘው የኖርኩትን ዕቃ በእጄ ይዤ ግማሽ ቀን ዋልኩ። ከዚያ ሱቁ ውስጥ ሚስማር መትቼ ለእኔም ለጭምቱም እጅ በሚደርስበት ቦታ ሰቀልኩት። ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ገብቷል። ሽርጡን ከስድስት ዓመት በፊት አጥፎ ያስቀመጠውን ነው የሰጠሁት፤ አልጣልኩትም ነበር።

ስለ አንተ። ጭምቱ ይቅር ብዬዋለሁ እንዲል ጠብቄ ነበር፣ አላለም።  በልደት ቀን ቤተ ክርስቲያን መጣ፣ ኋላ ተቀመጠ፤ ታናሿ «ስፍራ የለም» ብላ በሩን በሙሉ ኃይሏ ስትወረውረው ሲስቅ ሰማሁት። ስንመለስ ግን እንዲህ አለኝ፣ ቃል በቃል ልጻፍልህ። «ትከሻዬ የሚመለስ አይደለም። በወረቀት አልቀበልም። ያን ቀን ዓይኑን አይቼው ነበር፤ መጥቶ ዓይኔን እያየ ይንገረኝ። ከዚያ የምለውን እላለሁ።»

ይህን ብሎ ወደ ሱቁ ገብቶ ሞረድ አነሣ። ከዚህ ጋር ያለው ቁልፍ የውጭው በር ነው፣ የቀረጸው እሱ ነው። ቀፎውን ባለፈው ዓመት ስለቀየርኩት የድሮ ቁልፍህ አይከፍትልህም። አዲሱን ሞክሬዋለሁ፣ ይከፍታል፤ ሦስተኛው ጥርስ ላይ ይሻክራል። ላስተካክለው ስል «ተዪው፣ እጄ እንደዚህ ሆኗል፣ ይየው» አለኝ።

አባባ ስለ አንተ «እጁ ያንሳል ስል ማሠልጠኑ የማን እንደነበር ረሳሁ» ብለዋል። ትናንት ደግሞ በምን እንደሚመጣና ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቁኝ። ከእሳቸው አፍ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። የት እተኛለሁ እንዳትለኝ፣ ሱቁ ውስጥ ከጠረጴዛው አጠገብ ስፍራ አለ።

እህትህ


ጥር 12

እትዬ፣

ቁልፉ ደረሰኝ። ሦስተኛው ጥርስ ላይ አውራ ጣቴን ሳስኬድበት ነው የዋልኩት። ጭምቱ የቀረጸው ቁልፍ አንድም ቀን ሻክሮ አያውቅም ነበር። እንዳለ ይዤው እመጣለሁ፣ ማንም እንዳይሞርደው።

አባባ ስንት ቀን ይፈጃል ላሉት መልሱ ይኸው። ፈቃድ ጠይቄ ከለከሉኝ፣ ስለዚህ ሥራውን ለቅቄያለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እነሣለሁ፣ አራት ቀን ይፈጃል። አልጋዬን ለሽማግሌው ትቼለታለሁ፤ ወገቡ ይችል እንደሆን ይውጣበት። መንትዮቹ ምን ይዞልን ይመጣል ማለታቸው አይቀርም። ምንም አልያዝኩም በያቸው፣ በዚህ ጊዜ ዕቃ የለም፣ የምመጣው ራሴ ነኝ።

ለጭምቱ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩ። ልክ ነው፣ ይህ በፖስታ አይላክም። ምን እንደምል አውቄያለሁ። እፈራለሁ፣ ግን መምጣቱን አልፈራም።

አንድ ነገር አደራ። ሳንኳኳ ብትሰሚ ሮጠሽ አትክፈቺልኝ፣ አባባም አይነሡ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ይሆናል፣ አልጠቀምበትም። ሕጉን አልረሳሁም። ጭምቱ ወጥቶ «ግባ» እስኪለኝ ድረስ ደጃፉ ላይ እቆማለሁ።

ወንድምሽ